«ሁሉም» ልትሉ ስትሉ

ክርክር የምንሸነፈው ብዙ ጊዜ ሐሳባችን ስለተሳሳተ አይደለም፤ አንዲት ቃል ስለጎደለችን ነው። «የታክሲ ረዳት መልስ አይሰጥም» ብላችሁ ጻፉ እስቲ። ወዲያው አንዱ ከች ይልና «ለእኔ ትናንት 5 ብር መልሶልኛል» ይላል። አለቀ፣ ከዚያ በኋላ ወሬው ሁሉ ስለሱ 5 ብር ነው። «እኔ በምሄድበት መስመር፣ ማታ ማታ፣ አንዳንድ ረዳቶች ዝርዝር የለም እያሉ መልስ ያስቀራሉ» ብትሉ ኖሮ ግን የሰውዬው 5 ብር ምንም አያመጣባችሁም ነበር።

ስለዚህ ከመለጠፋችሁ በፊት የጻፋችሁትን በምቀኛ ዓይን አንብቡት። ማን? የት? መቼ? ምን ያህሉ? የሚያፈስበትን ቦታ ፈልጉና እሱን ብቻ ድፈኑ።

ሁላችንም የምንላትን አንድ ነገር እንውሰድ፦ «አበበ ቢቂላ ማራቶን ያሸነፈው በባዶ እግሩ ነው።» እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ፣ አዎ። በ1964 ቶኪዮ ላይ ግን ጫማ አድርጎ ነው ሮጦ ያሸነፈው። «ሮም ላይ» የሚለውን ጣል ካደረጋችሁ የሚያርማችሁ የለም። «በኦሎምፒክ ወርቅ ያገኘ የመጀመሪያው አፍሪካዊ» የምትለዋ ደግሞ ትብሳለች። ደቡብ አፍሪካን ወክሎ የሮጠው ነጩ ኬኔዲ ማክአርተር በ1912 ስቶክሆልም ላይ ያንኑ ማራቶን አሸንፏል። «የመጀመሪያው ጥቁር አፍሪካዊ» ሲባል ነው ነገሩ የሚቆመው። አንዳንዱ ሰው እንዲህ ሲታረም የጀግናው ክብር የተቀነሰ ይመስለዋል፤ እኔ ግን ማንም የማይነቀንቀውን ዓረፍተ ነገር እመርጣለሁ።

«ብዙ» እና «አብዛኛው» አንድ አይደሉም። ከ100 ሰው 30ው ከተቃወመ «ብዙ ሰው ተቃውሟል» ማለት ያስኬዳል። «አብዛኛው» ካላችሁ ግን ከግማሽ በላይ ማሳየት አለባችሁ። ቆጥራችሁ ካልሆነ ባትነኳት ይሻላል።

የአማርኛችን ልዩ ወጥመድ ግን «ሁሉም» ከ«አል…ም» ጋር ሲገጥም ነው። «ሁሉም ተማሪዎች አላለፉም» ስትሉ ምን ማለታችሁ ነው? አንድም አላለፈም ወይስ የወደቁ አሉ? ስትናገሩ ድምፃችሁ ይለየዋል፤ ስትጽፉ ግን አንባቢው የፈለገውን ይይዝና እናንተ ባላላችሁት ነገር ሲሞግታችሁ ያመሻል። «አንድም ተማሪ አላለፈም» ወይም «ያላለፉ ተማሪዎች አሉ» በሉና ተገላገሉ።

ይህን ሲሰሙ ደግሞ ወደ ሌላው ጫፍ የሚሮጡ አሉ፦ «ምናልባት በተወሰነ መልኩ ሊሆን ይችላል ብዬ እገምታለሁ።» አራት መሸሸጊያ በአንድ መስመር! ጥርጣሬያችሁን አንዴ ተናገሩ፣ ይበቃል። የጠረጠራችሁትንም ነገር ለይታችሁ ጥቀሱ፦ ዋጋ መጨመሩን ታውቃላችሁ፣ ምክንያቱን ግን አታውቁም እንበል፤ «ዋጋው ጨምሯል፤ ምክንያቱ ነዳጅ ሊሆን ይችላል» ብትሉ «ይችላል» የምትነካው ምክንያቱን ብቻ ነው።

እርግጠኛ የሆናችሁበትን ደግሞ እንዳለ ተዉት። በእኛ አቆጣጠር ጳጉሜን በየ4 ዓመቱ 6 ቀን ትሆናለች። እዚህ መሃል «ብዙውን ጊዜ» ምን ይሠራል?