የመጀመሪያ ልብ ወለዳችሁ መሳቢያ ውስጥ እንዳይቀር

ልብ ወለድ ጀምሮ የተወ ሰው በየሰፈሩ አለ። አብዛኛው ያቆመው ችሎታ አንሶት አይደለም፣ ታሪክም አላለቀበትም። ሦስተኛው ወይም አራተኛው ምዕራፍ ላይ ሲደርስ ግን መጨረሱን ትቶ ማሳመር ይጀምራል፤ እዚያው ይቀራል።

ስለዚህ ከሁሉም የከፋው ስህተት ምዕራፍ አንድን ደጋግሞ መጻፍ ነው። ማታ ትቀመጣላችሁ፣ የትናንቱን ላስታውስ ብላችሁ ከላይ ማንበብ ትጀምራላችሁ፣ አንዱ ዓረፍተ ነገር ይጎረብጣችኋል፣ እሱን ስታቃኑ ቀጣዩ ይጎረብጣል፣ እንቅልፍ ይመጣል፣ ታሪኩ ግን አንዲት ጋት ፈቀቅ አላለም። የመጀመሪያውን ረቂቅ ማንም አያየውም። ይደጋገም፣ ይዝረክረክ፣ የዋናው ገጸ ባሕሪ ስም መሃል ላይ ይቀየር፣ ችግር የለውም። ደግሞስ መጨረሻውን ሳታውቁ መግቢያው ምን መምሰል እንዳለበት በምን ታውቃላችሁ? ረቂቁ ሲያልቅ ብዙ ጊዜ ምዕራፍ አንድ እንዳለ ይወጣል፤ ታሪኩ በደንብ የሚነሳው ሁለት ላይ ሆኖ ይገኛል። ስትቀመጡ የመጨረሻዋን ገጽ ብቻ አንብቡና ቀጥሉ። መታረም ያለበት ነገር ትዝ ካላችሁ ደብተር ላይ «የእናትየው ሞት ቀደም ይበል» ብላችሁ ጻፉና እለፉት።

ሰፊ ጊዜ መጠበቅም ያው ነው። «ሥራ ሲቀልልኝ»፣ «ክረምት ሲገባ»። ክረምቱ ይገባል፣ ይወጣል። በቀን 300 ቃል፣ በሳምንት 5 ቀን ብትጽፉ በ40 ሳምንት 60 ሺህ ቃል ይሆናል። ለአማርኛ ልብ ወለድ በቂ ነው። እንግሊዝኛ መመሪያዎች ላይ የምታዩት 80 እና 90 ሺህ አያስደንግጣችሁ፤ የኛ ግስ ባለቤቱንም ተሳቢውንም ጠቅልሎ ስለሚይዝ ባነሰ ቃል ብዙ ይባላል። 300 ቃል ደግሞ ታክሲ ሰልፍ ላይ ሆናችሁም በስልካችሁ ትጽፉታላችሁ።

ሳያልቅ ለሕዝብ አታሳዩ። ይሄን የምለው ጠንከር አድርጌ ነው። አንድ ምዕራፍ ፌስቡክ ወይም ቴሌግራም ላይ ይለጠፋል፣ «ቀጣዩ መቼ ነው?» ይጎርፋል፣ ደስ ይላል። ከዚያ ጸሐፊው ለአስተያየት ሰጪዎች መጻፍ ይጀምራል፤ መሞት ያለበት ሰው አንባቢ ስለወደደው ብቻ ይተርፋል፣ ታሪኩም መንገዱን ይስታል። ጭብጨባው ሲቀንስ ብዕሩም ይቆማል። ሽፋን ማሠራትና ማተሚያ ቤት ዋጋ መጠየቅም ለጊዜው ይቆይ። የወረቀት ዋጋ እንደሆነ እናንተ እስክትጨርሱ ባለበት አይቆይም።

ረቂቁ አለቀ እንበል። አሁን ነው ማሳመር።

መጀመሪያ ንግግሩን እዩት። የጀማሪ ገጸ ባሕሪያት እንደ ዜና አንባቢ ያወራሉ። እናት ልጇን «ልጄ ሆይ፣ በየምሽቱ አምሽተህ መምጣትህ ስጋት ላይ ጥሎኛል» አትለውም። «ዛሬም ልታመሽ ነው?» ነው የምትለው። ወይም ምንም ሳትል እራቱን ትከድንለታለች፤ አንዳንዴ እሱ ይበልጣል። «አንተ»ን እና «አንቱ»ንም ተቆጣጠሩ። ምዕራፍ ሁለት ላይ አማቷን «እርስዎ» ያለች ምራት ሰባት ላይ ያለ ምክንያት «አንቺ» ካለቻት አንባቢው ይደናቀፋል። ተጣልተው ከሆነ ግን ያቺ አንዲት ቃል ብቻዋን ጠቡን ትናገራለች፤ ሌላ ማብራሪያ አትጨምሩበት።

«ነበር» ሌላው ጣጣ ነው። ይሄን ተመልከቱ፦ «ዝናቡ ይዘንብ ነበር። እሷ መስኮቱ አጠገብ ቆማ ነበር። ሻዩ ቀዝቅዞ ነበር።» ሦስቱም አንድ ቦታ ይወድቃሉ፣ ጆሮ ይሰለቻል። «ዝናቡ አላባራም። መስኮቱ አጠገብ እንደቆመች ሻይዋ ቀዘቀዘ» ብትሉት ነገሩ ያው ነው፣ ግን ይሄዳል። ይህን በዓይን ማግኘት ከባድ ስለሆነ ሙሉውን ጮክ ብላችሁ አንብቡት። የኛ አንባቢ ጆሮው ትረካ ያውቃል፤ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ስንቱ ሰው ነው መጽሐፉን ከመግለጡ በፊት በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ የሰማው።

ከዚያ ዘመኑን አጣሩ። ሞባይል ኢትዮጵያ የገባው በ1991 ነው፤ ስለዚህ በ1987 ፍቅረኛውን ቀጥሮ ሲያረፍድ የሚደውልላት ጀግና አይኖርም፣ ቆማ መጠበቅ አለባት፣ ለታሪኩም ይሄ ይሻለዋል። በ1998 የሆነ ታሪክ ላይ ጥንዶቹ በአጭር የጽሑፍ መልእክት እየተጻጻፉ ከሆነም ሰርዙት፤ ከ97ቱ ምርጫ በኋላ አገልግሎቱ ተቋርጦ እስከ 2000 መግቢያ ድረስ አልተመለሰም። የአዲስ አበባን የከተማ ባቡር ከ2008 በፊት ማንም አልተሳፈረበትም። በደርግ ዘመን ሰዓት እላፊ ስለነበረ ሌሊቱን መንገድ ለመንገድ የሚንሸራሸሩ ፍቅረኛሞችም አያሳምኑም። ጾምን ደግሞ እንዳትረሱ። አጥባቂ የምትሏት ሴትዮ በሁዳዴ ዶሮ ወጥ ስትጎርስ ከታየች፣ ከዚያ በኋላ የምትነግሩትን አንባቢ ይጠራጠራል። አንድ ወረቀት ላይ የእያንዳንዱን ገጸ ባሕሪ የትውልድ ዓመትና ዋና ዋናዎቹን ክስተቶች በተርታ ጻፉ፤ በተለይ ታሪኩ ግማሹ ውጭ አገር ከሆነ ሁለቱን የዘመን አቆጣጠር ጎን ለጎን አድርጉት።

አንድ የኮምፒውተር ነገር በመሃል ልጨምር። ስሞችን በአንድ ፊደል ብቻ ጻፉ። «ሰላማዊት»ን አንዴ በንጉሡ «ሠ»፣ አንዴ በእሳቱ «ሰ» ከጻፋችሁ፣ በኋላ ስሟን ልቀይር ብትሉ ፍለጋው ግማሹን ብቻ ያገኘዋል፤ ተረፈ ስም ይዞ የታተመ መጽሐፍ ደግሞ ያሳዝናል።

የመጨረሻው ስህተት ለማን እንደሚሰጥ አለማወቅ ነው። እናታችሁና የቅርብ ጓደኛችሁ «በጣም ቆንጆ ነው» ነው የሚሏችሁ፤ ስለሚወዷችሁ ነው። ልብ ወለድ አዘውትሮ የሚያነብ፣ እናንተን ማስደሰት የማያስጨንቀው ሦስት ሰው ፈልጉ። «እንዴት ነው?» ብላችሁ አትጠይቋቸው። «የቱ ገጽ ላይ አስቀመጥከው?» በሏቸው። ሁለቱ አንድ ቦታ ላይ ካቆሙ እዚያ ችግር አለ፤ ገጹ ደህና ከመሰላችሁ ከእሱ በፊት ያሉትን አሥር ገጾች መርምሩ።