የሕይወት ታሪክን በቡና ላይ እንዴት እናውጋ?

አዲስ አበባ ዳር ያለን ሰዎች ብዙዎቻችን ከሌላ ሰፈር የመጣን ነን። የካ አባዶና ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ብዙው ሰው የገባው ዕጣ ወጥቶለት ነው። ገላን ጉራ ደግሞ በ2017 ከካዛንቺስ የተነሱ አሉ። በአንድ ደረጃ እየወጣን እየወረድን፣ ጎረቤታችን ምን አሳልፎ እዚህ እንደደረሰ አናውቅም። እኛ ብሎክ በወር አንዴ ቡና እንጠራራለን፤ አንድ ሰው ታሪኩን ያወጋል። እናንተም ሞክሩት።

ስድስት ሰባት ሰው ይበቃል። ሲበዛ ወሬው ይከፋፈላል። እድር የሌለበትን እሁድ ምረጡ። ቡናና ስኳሩ በየተራ ይምጣ፣ ቆሎ ካለ ጥሩ። ባለ ተራው ግን ከሳምንት በፊት ይነገረው። ድንገት "በል አውራ" የተባለ ሰው ወይ ይዘጋል፣ ወይ ያልፈለገውን ተናግሮ ሲጸጸት ያድራል።

ተራው የእናንተ ከሆነ ከልደታችሁ አትጀምሩ። አንድ ቀን፣ ወይም አንድ ዕቃ ምረጡ። ይህን የተማርኩት እማማ ከምንላቸው ጎረቤታችን ነው። ድሮ ሽሮ ሜዳ ሲኖሩ ከእንጦጦ የባሕር ዛፍ እንጨት ተሸክመው እየሸጡ ልጆች አሳድገዋል። በተራቸው ቀን "ብዙ ተንገላታሁ" ብለው ዝም አሉ። አንዲት ልጅ "እንጨቱን በምን ነበር የሚያስሩት?" አለቻቸው። በቃ፣ ከዚያ በኋላ ማን ያቁማቸው! ገመዱ ትከሻ ሲቆርጥ፣ ቁልቁለቱ ላይ ጉልበት ሲንቀጠቀጥ፣ ዝናብ የመታው ሸክም ሲከብድ። ከሽያጩ መጀመሪያ ደብተር፣ በተረፈው ዘይት ይገዙ ነበር። "ምን አበረታዎት?" ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ደብተሩን ሲያነሱ ሁላችንም ገባን።

ለእኔ ከባዱ ማዳመጡ ነው። "የእኔንስ ብታይ" ብላችሁ ወሬ አትቀሙ። "አይዞሽ፣ ያልፋል" የሚለው ደግ ቃል እንኳ ቶሎ ከመጣ አፍ ያዘጋል። አቦል ላይ ስሙ ብቻ። ጥያቄ በቶና ይሁን፤ "ከዚያስ?"፣ "የት?"፣ "በምን?" በሉ። "ለምን እንዲህ አደረግሽ?" ግን ፍርድ ይመስላል። እንባ ከመጣ ዝም ብላችሁ ጠብቁ። ላቁም ያለ ይቁም፣ ማንም አይጎትጉተው። በረካው ሲቀዳ ባለ ተራው የቀረውን ይበል፤ ትልቅ ሰው ካለ ይመርቅ።

መቅዳት ከፈለጋችሁ አስቀድማችሁ አስፈቅዱ። ስልኩን ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጋችሁ ለተናጋሪው አስጠጉት፤ ከረከቦቱ ይራቅ፣ የሲኒው ድምፅ ይረብሻል። ባለቤቱ ሰምቶ ካልፈቀደ በስተቀር ቲክቶክም ቴሌግራምም ላይ እንዳይወጣ። የሰው ገመና ነው።

ቅጂውን ለባለታሪኩ ስጡት። እማማ የራሳቸውን ለትልቁ ልጃቸው ላኩለት። ያ ደብተር ይገዛ የነበረው ለእሱ ነው።