ሜልበርን ላላችሁ፦ የቪኤፍኤል ፉቲ ዊኬንድን ከቤተሰብ ጋር እንዴት ማየት እንደሚቻል

ሜልበርን ያላችሁ፣ በተለይ ዌስት በኩል ፉትስክሬይ፣ ሰንሻይን፣ ወሪቢ ምናምን የምትኖሩ፣ ልጆቻችሁ ከትምህርት ቤት መጥተው ስለ ፉቲ፣ ማለትም ስለ አውስትራሊያ እግር ኳስ፣ ሲያወሩ ምንም ካልገባችሁ ይሄን አንብቡት። ብዙ ሰው ፉቲ ላሳያቸው ሲል ቀጥታ ትልቁ ስታዲየም ኤምሲጂ ነው የሚወስዳቸው፣ እሱ ደግሞ ለቤተሰብ ሲደመር ወጪው ቀላል አይደለም፣ ላይ ፎቅ ተቀምጣችሁ ተጫዋቾቹ ጉንዳን አክለው ነው የሚታዩት፣ ህጉን የማያውቅ ሰው ደግሞ በዛ ሁሉ ጩኸት መሀል ማንን ይጠይቃል? እኔ የምለው ከቪኤፍኤል ጀምሩ ነው፣ ከዋናው ሊግ በታች ካለው ሊግ። አጥሩን ተደግፋችሁ ተጫዋቹ ሲተነፍስ እየሰማችሁ ታያላችሁ፣ ጎናችሁ የቆሙት ሽማግሌ ዕድሜያቸውን ሙሉ እዛው ሜዳ የመጡ ናቸው፣ ከጠየቃችኋቸው ደስ ብሏቸው ያስረዷችኋል።

መጀመሪያ ግን ስሙ እንዳያምታታችሁ። ትልልቅ ሰዎች ቪኤፍኤል ሲሉ አንዳንዴ የድሮውን ሊግ ማለታቸው ነው፣ እሱ እ.ኤ.አ በ1990 ኤኤፍኤል ተብሎ ተቀይሯል፣ አሁን የሀገሪቱ ዋና ሊግ እሱ ነው። የአሁኑ ቪኤፍኤል በ1877 የተመሰረተውና ቪኤፍኤ ይባል የነበረው ነው፣ ስሙን የቀየረው በ1996 ነው። የቪክቶሪያ ስቴት ሊግ ይባል እንጂ ከ2021 ጀምሮ ከሲድኒና ከኩዊንስላንድም ክለቦች ገብተውበታል፣ ስለዚህ ፕሮግራሙ ላይ ሳውዝፖርት ወይም ጎልድ ኮስት ስታዩ ግራ አይግባችሁ።

ክለቦቹ ሶስት ዓይነት ናቸው፣ ይሄን ማወቅ ደግሞ የትኛውን ጨዋታ እንደምትመርጡ ይወስናል። አንደኛ ራሳቸውን ችለው የቆሙ፣ ዊሊያምስታውን፣ ፖርት ሜልበርን፣ ወሪቢ፣ ኮበርግ፣ ፍራንክስተን። ሁለተኛ የኤኤፍኤል ክለቦች ሁለተኛ ቡድን፣ ማለትም ኮሊንግዉድ፣ ካርልተን፣ ሪችመንድ፣ ፉትስክሬይ (ፉትስክሬይ የዌስተርን ቡልዶግስ ሁለተኛ ቡድን ነው)። ሶስተኛ የራሳቸው ታሪክ ኖሯቸው ከኤኤፍኤል ክለብ ጋር ተጣምረው የሚሰሩ፣ ቦክስ ሂል ከሆውቶርን፣ ኬሲ ከሜልበርን፣ ሳንድሪንግሃም ከሴንት ኪልዳ። የሰፈር ስሜት የምትፈልጉ ከሆነ ራሳቸውን የቻሉት ጋ ሂዱ፣ ልጃችሁ ቲቪ ላይ የሚያውቀውን ተጫዋች ማየት ከፈለገ ሌሎቹ ይሻላሉ፣ ምክንያቱም ለዋናው ቡድን ያልተመረጠ ወይም ከጉዳት እየተመለሰ ያለ ተጫዋች የሚጫወተው እዛ ነው።

እንግዲህ ዊኬንዱን እንዲህ አድርጉት።

ሐሙስ ወይም አርብ ማታ ስልካችሁ ላይ የሊጉን ፕሮግራም እዩ። ጨዋታዎቹ በብዛት ቅዳሜና እሁድ ቀን ላይ ናቸው፣ ግን ሰዓቱ ከሳምንት ሳምንት ይለያያል፣ ሜዳውም እንዲሁ፣ "ባለፈው እዚህ ነበር" ብላችሁ ዝም ብላችሁ አትሂዱ። የተጫዋቾች ስም ዝርዝርም የሚወጣው በዚሁ ሰሞን ነው። መግቢያውን ደግሞ ቀድማችሁ አጣሩ፣ አንዳንዱ ሜዳ ነጻ ነው፣ ራሳቸውን የቻሉት ክለቦች አብዛኛውን ጊዜ አዋቂ ያስከፍላሉ፣ ከኤምሲጂ ጋር ግን አይወዳደርም። ቅዳሜና እሁድ ባቡር ተቋርጦ በባስ የሚተካበት ጊዜ ስላለ እሱንም እዩ፣ በዚህ ብቻ የመጀመሪያው ኳርተር ያመለጠው ሰው ብዙ ነው። ከ2026 ጀምሮ ከ18 ዓመት በታች ያሉ ልጆች በዩዝ ማይኪ በነጻ ነው የሚሄዱት፣ ካርዱን ካላወጣችሁላቸው አውጡላቸው።

አሁን ህጉ። ሁሉንም ማወቅ አያስፈልግም፣ ግን ይሄን ያህል ካወቃችሁ ጨዋታው ይጣፍጣችኋል። በያንዳንዱ ወገን ሜዳ ላይ 18 ተጫዋች አለ፣ ኦፍሳይድ የሚባል የለም፣ ሜዳው ሞላላ ነው ኳሱም ሞላላ ነው። ጫፍና ጫፉ ላይ አራት አራት ቋሚ እንጨት ታያላችሁ፣ ሁለቱ ረጃጅም መሀል ላይ፣ ሁለቱ አጫጭር ዳር ላይ። በረጃጅሞቹ መሀል በእግር ተመትቶ ማንም ሳይነካው ካለፈ ጎል ነው፣ 6 ነጥብ። በረጅሙና በአጭሩ መሀል ካለፈ ቢሃይንድ ነው፣ 1 ነጥብ፣ ረጅሙን እንጨት ከመታም እንደዛው 1። ጎል ላይ የሚቆመው ዳኛ ለጎል ሁለት ነጭ ባንዲራ ያውለበልባል፣ ለቢሃይንድ አንድ። ሰሌዳው ላይ 12.8 (80) የሚል ስታዩ 12 ጎል፣ 8 ቢሃይንድ፣ ድምሩ 80 ማለት ነው፣ ልጆቹን በዚህ ሂሳብ ማሰራት ይቻላል፣ ይወዱታል።

ኳሱን በእጅ መወርወር አይፈቀድም። በአንድ እጅ ይዘው በሌላው በቡጢ ነው የሚመቱት፣ ሃንድቦል ይባላል። ይዞ የሚሮጥ ሰው በየ15 ሜትሩ መሬት ላይ ማንጠር አለበት፣ ሞላላ ኳስ እየሮጡ አንጥሮ መያዝ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ እቤት ሞክሩት። ከ15 ሜትር በላይ በእግር የተመታን ኳስ ማንም ሳይነካው አየር ላይ የቀለበ ሰው ማርክ አደረገ ይባላል፣ ያኔ ማንም ሳይነካው ቆም ብሎ የመምታት መብት አለው። ሰው ትከሻ ላይ ወጥተው የሚቀልቡት እሱ ነው፣ የዚህ ጨዋታ ውበቱ እዛ ላይ ነው ባይ ነኝ። ሌላው ኳስ የያዘን ሰው ከትከሻ በታች ከጉልበት በላይ ጠምጥሞ መጣል ይቻላል፣ የተያዘው ሰው ለመልቀቅ ዕድል ኖሮት በአግባቡ ካልለቀቀ ቅጣት ነው። ሰዉ በአንድ ድምፅ "ቦል!" ብሎ ሲጮህ የምትሰሙት ለዚህ ነው፣ እናንተም ጩሁ፣ ማንም አያያችሁም።

አራት ኳርተር ነው፣ በየኳርተሩ የሚያጠቁትን ጎል ይቀያየራሉ፣ ከነረፍቱ ሁለት ሰዓት ተኩል አካባቢ ያዙለት።

ለቅዳሜ እኔ ዊሊያምስታውንን እመርጣለሁ። በዊሊያምስታውን መስመር ዊሊያምስታውን ቢች ስቴሽን ወርዳችሁ በእግር ነው፣ ሜዳው ፖይንት ጌሊብራንድ ላይ ባህሩ አፍ ላይ ነው ያለው። ክለቡ የ1864 ነው። እዛ ስትደርሱ መጀመሪያ ነፋሱ ወደ የት እንደሚነፍስ እዩ፣ ምክንያቱም ነፋሱን ከኋላው ያደረገው ቡድን ነው በዛ ኳርተር ጎል የሚያገባው፣ ሌላው ደግሞ አጥብቦ ኳሱን በአጭር በአጭሩ እየተቀባበለ ጊዜ ለመግፋት ይሞክራል። ስለዚህ በመጀመሪያው ኳርተር አንዱ በ20 ነጥብ ቢመራ "አለቀ" አትበሉ፣ ጎል ሲቀያየሩ የሚሆነውን ጠብቁ። ይሄን ከገባችሁ ብዙ ዓመት ያየ ሰው የሚያየውን ማየት ጀመራችሁ ማለት ነው።

ልብስ ላይ አትቀልዱ በጣም። ወቅቱ ከመጋቢት መጨረሻ አካባቢ እስከ መስከረም ነው፣ መሀሉ የዚህ ሀገር ክረምት ነው፣ ሰኔና ሐምሌ ላይ ያ የባህር ነፋስ አጥንት ይገባል። ኮፍያ፣ ዝናብ የማያስገባ ጃኬት፣ ለልጆች ትርፍ ካልሲ፣ መሬት ላይ የሚነጠፍ ብርድ ልብስ ወይም ታጣፊ ወንበር። ሻይ በፔርሙዝ ይዛችሁ ሂዱ፣ መጠጥና ጠርሙስ ግን አይገባም። እዛ የሚሸጠው ፓይ፣ ቺፕስ፣ ዲም ሲም ነው፣ ፓይ ከነቲማቲም ሶሱ አንዴ መቅመስ አለባችሁ፣ ሙስሊም የሆናችሁ ግን ስጋው ሀላል መሆኑን ጠይቁ፣ ፍልሰታ ላይ ከሆነ ደግሞ ቺፕሱ በምን ዘይት እንደተጠበሰ ጠይቃችሁ ግዙ፣ ሲጠየቁ አይከፋቸውም። ከቤት ዳቦና ቆሎ ይዞ መሄድም ማንም አይከለክላችሁም።

ልጆች ካሏችሁ ጎሉ ጀርባ ቁሙ። ኳሱ አጥሩን ተሻግሮ ሲመጣ ማን ቀድሞ ይይዛል የሚለው ለነሱ ከጨዋታው ይበልጣል፣ ይዘው ግን ወዲያው መመለስ ነው፣ እና ዓይናችሁን ከኳሱ አትንቀሉ፣ በፍጥነት የመጣ ኳስ ያማል።

አሁን ዋናው ነገር፣ ኤምሲጂ ላይ የማታገኙት። ኳርተር ሲያልቅ ሳይረን ይነፋል፣ ብዙ ሜዳዎች ላይ ያኔ ህዝቡ ሜዳ ውስጥ እንዲገባ ይፈቀዳል፣ በሩ ላይ ያለውን ሰው ጠይቃችሁ ግቡ። ልጆቹ የራሳቸውን ኳስ ይዘው ይለጋሉ፣ አዋቂው ደግሞ ተጫዋቾቹ ክብ ሰርተው የቆሙበት ጋ ጠጋ ብሎ አሰልጣኙ የሚላቸውን ይሰማል። በተለይ ከአራተኛው ኳርተር በፊት ያለችው ረፍት እንዳታመልጣችሁ። አሰልጣኙ ሲቆጣ፣ ሲለምን፣ አንዱን በስሙ ጠርቶ "የአንተን ሰው ልቀቅና ወደፊት ሂድ" ሲል ትሰማላችሁ፣ ከዛ አጥሩ ጋ ተመልሳችሁ ያ ልጅ ያለውን ሲያደርግ በዓይናችሁ ታያላችሁ። እኔ ስፖርት በዚህ ደረጃ ለተመልካች ክፍት የሆነበት ቦታ አላየሁም። ክቡ መሀል አትግቡ፣ አትናገሩ፣ ሳይረኑ ሲነፋ ቶሎ ውጡ፣ በቃ ህጉ ይሄ ነው።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ዊትን ኦቫል፣ የፉትስክሬይ ቡድን ሜዳ። ፉትስክሬይ የገበያ ሰፈራችን ነው፣ ኒኮልሰን ስትሪት ላይ እንጀራና በርበሬ የሚገዛ ሰው ሁሉ ከዛ ትንሽ ራቅ ብሎ ባርክሊ ስትሪት ላይ ያለውን ሜዳ በመኪና እያለፈ ያየዋል፣ ገብቶ ያየው ግን ጥቂት ነው። ባቡር ከሆነ ሚድል ፉትስክሬይ ወይም ዌስት ፉትስክሬይ ወርዳችሁ በእግር ነው። ደጁ ላይ ያለው ሐውልት የቴድ ዊትን ነው፣ ለፉትስክሬይ (የዌስተርን ቡልዶግስ የድሮ ስም ነው) 321 ጨዋታ የተጫወተ ሰው፣ በ1995 ሲያርፍ ሜዳው በስሙ ተሰየመ። ለልጆቻችሁ የምትነግሩት አንድ ታሪክ ካለ ደግሞ የ1989ኙ ነው፣ ክለቡ እዳ ውስጥ ገብቶ ከሌላው የሜልበርን ክለብ ከፊትዝሮይ ጋር ሊዋሃድ ሲል የሰፈሩ ሰው፣ ሰራተኛውና ስደተኛው፣ ቤት ለቤት መዋጮ ሰብስቦ አስቀረው። በ2016 ዋናው ቡድን የኤኤፍኤል፣ ሁለተኛው ቡድን ደግሞ የቪኤፍኤል ዋንጫ በአንድ ዓመት ወሰዱ። ያ መዋጮ ባይኖር ይሄ አይኖርም ነበር።

ዋናው ቡድን ለነጥብ የሚያደርገውን ጨዋታ ከ1997 በኋላ እዚህ አላደረገም፣ ስለዚህ የሰፈሩ ሰው ወንዶቹን በራሱ ሜዳ የሚያይበት መንገድ ቪኤፍኤል ነው።

"ሁለተኛ ደረጃ ነው፣ ምን ይታያል" የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ማይክል ባርሎውን ንገሩት፣ ወሪቢ እየተጫወተ ቆይቶ በ2010 ፍሪማንትል ገብቶ ኤኤፍኤል የተጫወተ ሰው ነው፣ ቆይቶ አሰልጣኝ ሆኖ ተመለሰና በ2024 ወሪቢን ለዋንጫ አበቃ፣ ክለቡ ከ1993 ወዲህ አግኝቶት የማያውቀውን። በ2013 ለኖርዝ ሜልበርን የተሰለፈው የመጀመሪያው ሱዳን ተወላጅ ማጃክ ዳውም በወሪቢ በኩል ነው ያለፈው። ኢትዮጵያ ውስጥ ከደቡብ ሱዳን ቤተሰብ የተወለደው ቻንግኩዎዝ ጃያዝም ሆውቶርን እያለ ቦክስ ሂል ተጫውቷል። ልጆቻችን እነዚህን በቅርብ ሲያዩ "እኔስ" ማለት ይጀምራሉ፣ እኔ እንደ ወላጅ ይሄ ያስደስተኛል።

ዳኛ አትሳደቡ፣ ብዙዎቹ ወጣቶች ናቸው፣ እየተማሩ ነው። በተቃራኒው ደግሞ በዘራችሁ ወይም በተጫዋች ዘር የሚሳደብ ከሰማችሁ ዝም አትበሉ፣ ለሜዳው ሰራተኛ ንገሩ፣ ሊጉ በዚህ ላይ ግልጽ ህግ አለው።

እሁድ ማታ ደረጃውን እዩ። ማሸነፍ 4 ነጥብ፣ እኩል 2 ነው፣ ነጥብ እኩል ከሆኑ ፐርሰንቴጅ የሚሉት ይለያቸዋል፣ ያገባኸውን ነጥብ ለገባብህ አካፍለህ በ100 ማባዛት ነው። መውጣት ያልቻላችሁበት ሳምንት ካለ በየሳምንቱ አንድ ጨዋታ በቻናል ሰቨን ይተላለፋል፣ አብዛኛው ሌላው በኤኤፍኤል አፕ ይገኛል።

ልጁ ከወደደው ቀጣዩ ኦስኪክ ነው፣ የፕራይመሪ ልጆች ወንድም ሴትም የሚማሩበት፣ በየሰፈሩ አለ፣ ምዝገባው ኦንላይን ነው። ኳስ ስትገዙ የአዋቂውን ሳይዝ 5 አትግዙ፣ ለትንንሾቹ ሳይዝ 1 ወይም 2 በቂ ነው፣ ቆዳውን ትታችሁ ሲንተቲኩን ውሰዱ፣ ዝናብ አያበላሸውም ርካሽም ነው።