በርቀት ሕክምና ከክልል ክልል ለመሥራት፦ የሙያ ፈቃድን አስቀድሞ ማጣራት

የርቀት ሕክምና ለመስጠት የተነሣ ሐኪም አብዛኛውን ጊዜ የሚጨነቀው ስለ ካሜራውና ስለ ኢንተርኔት መስመሩ ነው፤ የሙያ ፈቃዱን ጉዳይ ግን ምስክር ወረቀቱን ግድግዳ ላይ በሰቀለበት ቀን ያበቃለት ይመስለዋል። እንደ አሜሪካ ባሉ፣ እያንዳንዱ ግዛት ለብቻው ፈቃድ በሚሰጥባቸው አገሮች ሕክምናው ተሰጠ የሚባለው ሐኪሙ በተቀመጠበት ሳይሆን በምክክሩ ሰዓት ታካሚው በሚገኝበት ስፍራ ስለሆነ፣ ሐኪሙ ከወንበሩ ሳይነሣ ወሰን ተሻግሮ ያለ ፈቃድ ሲሠራ ሊገኝ ይችላል።

ስለዚህ ማመልከቻ ከመሙላትዎ በፊት ሊሠሩበት ያሰቡት አካባቢ የሚመራው በየትኛው ደንብ እንደሆነ ይለዩ። የአውሮፓ ኅብረት በ2011 ያወጣው የድንበር ተሻጋሪ ሕክምና መመሪያ ከአሜሪካው በተቃራኒ የርቀት ሕክምና ተሰጠ የሚባለው ሕክምና ሰጪው በተቋቋመበት አባል አገር ነው ይላል። አውስትራሊያ ከ2010 ጀምሮ የሐኪሞችን ምዝገባ አገር አቀፍ ስላደረገች አንድ ምዝገባ በሁሉም ግዛቶች ያሠራል። ሕንድም በ2020 ባወጣችው የቴሌሜዲሲን (የርቀት ሕክምና) መመሪያ የተመዘገበ ሐኪም በየትኛውም የአገሪቱ ክፍል ያለን ታካሚ እንዲያማክር ፈቅዳለች። በአንዱ አገር የለመዱትን አሠራር ይዞ በሌላው መሥራት የሚያስቀጣው እንግዲህ ደንቦቹ እስከዚህ ድረስ ስለሚለያዩ ነው።

ታካሚው ባለበት ክልል ፈቃድ የሚያስፈልግ ከሆነ፣ ክልሎቹ የጋራ ስምምነት እንዳላቸው ይጠይቁ፤ ስምምነት አለ ሲባል ግን ምን እንደሚሰጥ ጽሑፉን ያንብቡ። በአሜሪካ ከ2017 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የሐኪሞች የግዛቶች ስምምነት ብዙዎች እንደሚያስቡት በየግዛቱ የሚያሠራ አንድ ፈቃድ አይሰጥም፤ የሚያደርገው ዋና ፈቃድዎን የሰጠው ግዛት ብቁነትዎን አንድ ጊዜ አረጋግጦ ሌሎቹ የየራሳቸውን ፈቃድ በፍጥነት እንዲሰጡ ማስቻል ነው። በመሆኑም ክፍያውም እድሳቱም በየግዛቱ ለየብቻ ነው። የነርሶቹ ስምምነት ግን በአንድ ፈቃድ በአባል ግዛቶች ሁሉ ያሠራል። በአንድ ክሊኒክ ጎን ለጎን የሚሠሩ ሐኪምና ነርስ በተለያየ ሕግ ይተዳደራሉ ማለት ነው፤ አስተዳዳሪዎች ይህን ሲዘነጉ አይቻለሁ።

ማመልከቻን ከሁሉ በላይ የሚያጓትተው የመልካም ሥነ ምግባር ማረጋገጫው፣ ማለትም ፈቃድዎ የጸና መሆኑንና የሥነ ምግባር ቅጣት እንደሌለብዎ የሚመሰክረው ደብዳቤ ነው። ብዙ ፈቃድ ሰጪ አካላት ይህን ደብዳቤ ከአመልካቹ እጅ አይቀበሉም፤ ቀድሞ ፈቃድ ከሰጠው አካል በቀጥታ እንዲላክላቸው ይሻሉ። ስለዚህ ጥያቄውን ከሁሉ አስቀድመው ያቅርቡ፤ ስምዎም በዲፕሎማው፣ በፓስፖርቱና በፈቃዱ ላይ በአንድ ዓይነት አጻጻፍ መጻፉን ያረጋግጡ። የሙያ ኃላፊነት መድንዎ በአዲሱ ክልል የሚሰጡትን የርቀት ሕክምና የሚሸፍን መሆኑንም መድን ሰጪው በጽሑፍ እንዲያረጋግጥልዎ ይጠይቁ።

ልዩ ሁኔታዎች አሉ፤ ነገር ግን ጠባብ ናቸው። ታካሚው ባለበት ክልል ፈቃድ ያለው ሐኪም ሲያማክርዎ የሕክምናው ኃላፊነት በእርሱ እጅ እስካለ ድረስ ብዙ ሕጎች ይታገሡዎታል። በኮቪድ ወቅት በ2020 በየቦታው የወጡት ጊዜያዊ ፈቃዶች ግን በአብዛኛው አብቅተዋል፤ ዛሬም በእነርሱ ተማምኖ መሥራት አደገኛ ነው። የመድኃኒት ማዘዣ ደግሞ ከሙያ ፈቃዱ ሌላ የራሱ ሕግ ያለው ነው፤ ለምሳሌ የሕንዱ መመሪያ ሐኪሙ የትም ይመዝገብ የት በአገሪቱ የአደንዛዥ ዕፆች ሕግ የተዘረዘሩ አደንዛዥና አእምሮን የሚለውጡ መድኃኒቶችን በርቀት ማዘዝን ይከለክላል።

ይህ ሁሉ ተሟልቶም ቢሆን እያንዳንዱ ምክክር መጀመር ያለበት ታካሚው የት እንዳለ በመጠየቅ ነው። «ቤት ነኝ» የሚለው መልስ አይበቃም። «እናቴ፣ አሁን ያሉበት ከተማ የትኛው ነው?» ሲባሉ «ልጄን ልጠይቅ መጥቼ እሷ ጋ ነኝ» የሚሉ ታካሚ ፋይላቸው ላይ ያለው አድራሻ ሌላ፣ ያሉበት ክልል ሌላ ነው። ያን ጊዜ በዚያ ክልል ፈቃድ ከሌለዎት ምርመራውን አይቀጥሉ፤ ሕመሙ አስቸኳይ ከሆነ ባሉበት ወደሚገኝ የድንገተኛ ሕክምና ይምሯቸው፣ ካልሆነም በዚያ ክልል ፈቃድ ላለው ባልደረባ ያስተላልፏቸው ወይም እስኪመለሱ ቀጠሮ ይስጧቸው። የጠየቁትን፣ የተመለሰልዎትንና ሰዓቱን በዚያው ቅጽበት በሕክምና መዝገቡ ላይ ያስፍሩ፤ ቅሬታ ቢቀርብብዎ ፈቃድ ሰጪው አካል በቅድሚያ የሚያየው ያንን መስመር ነው።