ያረጀ ሚኒባስን ባገለገለ የቤተሰብ መኪና መተካት፦ ከምልክቱ ወደ መነሻው፣ ከመነሻው ወደ መፍትሄው

በጎንደር ቤተሰብ ሲያመላልስ የኖረ ሚኒባስ ሲደክም አብዛኛው ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው በየትኛው ሞዴል እንደሚተካው ነው። ከዚህ በፊት ግን አሮጌው መኪና በምን ምክንያት እንደታመመ መታወቅ አለበት። ሕመሙ ከእርጅና ብቻ የመጣ ከሆነ ያንኑ ሞዴል በተሻለ ዕድሜ መግዛት ይበቃል፤ ከዳገቱ፣ ከጭነቱ ወይም ከነዳጁ የመጣ ከሆነ ግን ተተኪውም ብዙ ሳይቆይ በዚያው ሕመም ይያዛል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ያገለገሉ መኪኖችን ማስገባት እጅግ አስወድዶት ነበር፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ስለተከለከለ፣ ገዢው የሚያማርጠው አስቀድመው ከገቡትና እጅ ከቀያየሩት መካከል ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች ያሉት ምልክቶች በሁለቱም መኪኖች ላይ፣ በሚሸኘውም በሚገዛውም፣ እንዲታዩ የቀረቡ ናቸው።

ዳገት ላይ ኃይል ያጣል

ቤተሰቡ ሞልቶ ከአዘዞ ወደ ፒያሳ ሲወጣ ወይም በአምባ ጊዮርጊስ በኩል ወደ ደባርቅ ሲጓዝ መኪናው እያቃሰተ ወደ ሁለተኛ ማርሽ የሚወርድ ከሆነ፣ ጥፋቱን ሁሉ በሞተሩ ዕድሜ ላይ መጣል አይገባም። ጎንደር ከባሕር ጠለል ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት። በዚህ ከፍታ አየሩ ስለሚሳሳ ቱርቦ (አየር አምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር ፋብሪካው ከጻፈለት ጉልበት አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል፤ ወደ ደባርቅ እየተጠጋ ሲሄድም ጉድለቱ ይብሳል። ባለ 1.3 ሊትር ቶዮታ አቫንዛ ሰባት ሰው ከነዕቃው ጭኖ ይህን መንገድ ሲወጣ ቢያቃስት ሕመም የለበትም፤ ከአቅሙ በላይ ተጠይቆ ነው። እዚህ ላይ የሚረዳው ጥገና ሳይሆን ምርጫ ነው፤ ከዚያው ሞዴል ባለ 1.5 ሊትሩን መፈለግ ይሻላል።

ናፍታ ለሚመርጥ ቤተሰብ በቶዮታ ሃይኤስ ሚኒባስ ላይ የሚታሰብበት ነገር አለ። 5ኤል የሚባለው ባለ 3 ሊትር ሞተር ቱርቦ ስለሌለው ዳገት ላይ ይዘገያል፤ ነገር ግን የናፍታ ፓምፑ ሜካኒካል በመሆኑ ብዙ ይችላል፣ የሚጠግነውም መካኒክ አይጠፋም። 2ኬዲ የሚባለው ባለ 2.5 ሊትር ሞተር በቱርቦው አማካይነት የሳሳውን አየር ስለሚያካክስ ዳገቱን በተሻለ ጉልበት ይወጣል፤ ናፍታውን ወደ ሞተሩ የሚረጩት ኢንጀክተሮቹ ግን ውሃ ወይም ደለል የገባበት ናፍታ ፈጽሞ አይችሉም። ማደያው ላይ ሰልፍ ሲረዝም ከጀሪካን ለመቅዳት የሚገደድ ሰው፣ በእኔ አስተያየት፣ ዝግታውን ታግሦ 5ኤልን ቢይዝ ይሻለዋል። ሊገዛ የታሰበው 2ኬዲ ሥራ ፈትቶ ሲቆም የሚንቀጠቀጥ ወይም ጠዋት ለመነሣት የሚያስቸግር ከሆነ፣ ሻጩ «ፊልትሮ ቢቀየር ይስተካከላል» ቢልም የኢንጀክተሮቹ ፍተሻ ከክፍያ በፊት ይጠየቅ።

ዳገቱ ኮብልስቶን ሲሆንና ክረምት ሲገባ ደግሞ ሌላ ምልክት ይታያል፤ ጎማው ይሽከረከራል፣ መኪናው ግን አይሄድም። ጭነት የያዘ መኪና ዳገት ሲወጣ ክብደቱ ወደ ኋላ ስለሚሸሽ በፊት ጎማ የሚነዳ መኪና መቆንጠጫ ያጣል። እስከ 2021 እ.ኤ.አ. ድረስ የተመረቱት አቫንዛዎች በኋላ ጎማ የሚነዱ በመሆናቸው በዚህ ረገድ ይሻላሉ፤ ሱዙኪ ኤርቲጋ ግን በፊት ጎማ የሚነዳ ነው። ቤቱ በቀበሌ ውስጥ በቀጥታ በሚወጣ የኮብልስቶን መንገድ ጫፍ ላይ ለሆነ ሰው ይህ ልዩነት ከመቀመጫ ጨርቅ ውበት በፊት የሚታይ ነው።

ውሃ ያፈላል

በባሕር ጠለል ላይ በ100 ዲግሪ የሚፈላው ውሃ በጎንደር ከፍታ በ93 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ራዲያተሩ ይህን ጉድለት የሚከላከለው ክዳኑ በውስጡ ግፊት አምቆ ስለሚይዝ ነው፤ የክዳኑ ጎማ ከደረቀ ግን ቆላ ላይ ያለ ችግር ሲሄድ የነበረ መኪና ደጋው ላይ ሊያፈላ ይችላል። ስለዚህ ፍተሻው ከርካሹ ይጀምር፤ መጀመሪያ ክዳኑ፣ ቀጥሎ የራዲያተሩ መደፈንና የፋኑ አሠራር፣ በመጨረሻ የቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ጓርኒሲዮን፣ ማለትም ማሸጊያው። የመጨረሻው መበላሸቱ የሚታወቀው የዘይት መሙያው ክዳን ሥር ወተት የመሰለ ነገር ሲገኝ፣ ወይም በቀዝቃዛ ሞተር ላይ የራዲያተሩ ክዳን ተከፍቶ ሞተሩ ሲነሣ ውሃው ውስጥ ሳያቋርጥ አረፋ ሲወጣ ነው። ሞተሩ በጋለበት ሰዓት ይህን ክዳን መክፈት ፊትና እጅ ያቃጥላልና አይሞከር። ክዳን ወይም ራዲያተር ከሆነ ዋጋ ተቀንሶ መግዛት ይቻላል፤ ጓርኒሲዮን ከሆነ ግን ቴስታታው ተጣሞ ሊሆን ስለሚችል መተው ይሻላል።

ፍተሻው ሜዳ ላይ ከተደረገ ምንም አይናገርም። መኪናው ሰው ተጭኖበት ወደ ጎሃ ኮረብታ ወይም ወደ ኮሶዬ ይውጣ፤ የሙቀት ቆጣሪው ከመሃል ማለፍ አለማለፉ በዓይን ይታይ። ቤተሰቡ ወደ መተማ የሚመላለስ ከሆነ ደግሞ ቅዝቃዜ ሰጪው በርቶ ይሞከር፤ የቆላው ሙቀት ደጋው የሸፈነውን ድክመት ያወጣል።

ጭስ ያወጣል

ይህ በአጭሩ የሚያልቅ ነው። ሰማያዊ ጭስ የዘይት መቃጠልን ያሳያል፤ ጠዋት ሲነሣ ብቻ ከታየ የቫልቭ ጎማዎች፣ ነዳጅ ሲረገጥ ከቀጠለ የፒስተን ፋሻ ነው። ሞተሩ ከጋለ በኋላም የማይቆም ነጭ ጭስ ወደ ጓርኒሲዮኑ ያመለክታል። ጥቁር ጭስ የነዳጅና የአየር ሚዛን መዛባት ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ የሚቀል ጥገና ነው። ሻጩ ሞተሩን አሙቆ እንዳይጠብቅ ሳይነገረው በማለዳ መሄድና ኮፈኑን በእጅ ዳስሶ ማረጋገጥ ይገባል።

መሪው ዞሮ የገባ ሊሆን ይችላል

ከጃፓን ገበያ የመጡ መኪኖች መሪያቸው በቀኝ የነበረና ከአገር ውጭ ወደ ግራ የዞረ ሊሆን ይችላል። ምልክቱ ብዙ ነው፤ የዝናብ መጥረጊያው ወደ ተሳሳተው ወገን ይተኛል፣ የኮፈን መክፈቻው በቀኝ በኩል ይቀራል፣ የዳሽቦርዱ መጋጠሚያ አይገጥምም፣ ማታ ላይ መብራቱ ከፊት የሚመጣውን ሾፌር ዓይን ይወጋል። የመጨረሻው የሚሆነው በግራ ለሚሄድ አገር የተሠራ የፊት መብራት ብርሃኑን ወደ ግራ ከፍ አድርጎ ስለሚወረውር ነው፤ ፋናሉ በትክክለኛው ካልተቀየረ በማስተካከል ብቻ አይድንም። ከሁሉም በላይ ግን ቤተሰብ ሊያየው የሚገባው በሩን ነው። አንድ ተንሸራታች በር ብቻ ያላቸው የቆዩ የጃፓን ገበያ ሚኒባሶች በራቸው በግራ ነው፤ እዚያ ግራው የእግረኛ መንገድ ነው፣ እዚህ ግን የተሽከርካሪው መንገድ ነው። ልጆች ትምህርት ቤት በር ላይ ሲወርዱ የሚረግጡት አስፋልቱን ይሆናል ማለት ነው። ይህን ጥገና አይፈታውም፤ በሩ በቀኝ ወይም በሁለቱም ወገን ያለውን መምረጥ ብቻ ነው የሚያዋጣው። የመሪው ዘንግና ቴስቲኒዎች (የመሪው መጋጠሚያዎች) ደግሞ መኪናው ከፍ ብሎ ሥሩ ይታይ፤ በብየዳ የተቀጠለ ዘንግ ከተገኘ ድርድሩ እዚያ ላይ ያብቃ።

ቁጥሩ ትንሽ፣ ድካሙ ብዙ

የኪሎሜትር ቆጣሪው ጥቂት እያሳየ የፔዳሎቹ ጎማ የተላጠ፣ የመሪው ቆዳ የለሰለሰና የሾፌሩ መቀመጫ የሰረገደ ከሆነ ቁጥሩ ወደ ኋላ ተመልሶ ሊሆን ይችላል። የደኅንነት ቀበቶው ሥር ያለው ጽሑፍ ብዙውን ጊዜ የምርት ዘመን ስለሚይዝ ሊብሬው ላይ ከተጻፈው ጋር ይነጻጸር፤ በጎማው ጎን ላይ ካለው የምርት ኮድ የመጨረሻዎቹ አራት አኃዞችም ሳምንትና ዓመት ይናገራሉ፣ ለምሳሌ 2319 ማለት በ2019 እ.ኤ.አ. 23ኛው ሳምንት ነው። በወለሉ ምንጣፍ ሥር ተጨማሪ የብሎን ቀዳዳ ከተገኘ መኪናው ታክሲ ሆኖ ሠርቶ ሊሆን ይችላል፤ ይህ በራሱ ነውር አይደለም፣ ዋጋው ግን የቤት መኪና ዋጋ ሊሆን አይችልም። ስቱኮ የበዛበትን ላሜራ በጨርቅ የተጠቀለለ ማግኔት ያጋልጠዋል።

ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ ይለሰልሳል

ከደባርቅ ወደ ሊማሊሞ የሚወርድ ሁሉ ይህን ያውቀዋል። መነሻው አብዛኛውን ጊዜ እርጥበት የጠጣ የፍሬን ዘይት ሲግል መፍላቱ ነው፤ ዘይቱ በየሁለት ዓመቱ ገደማ ቢቀየር ይከላከለዋል። መኪናው አውቶማቲክ ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥን) ያለው ከሆነ በዝቅተኛ ማርሽ ላይ ሆኖ በሞተሩ መታገዝ መቻሉ ይሞከር፤ የካምቢዮው ዘይት የተቃጠለ ሽታ ካለው አይገዛ።

የኤሌክትሪክ መኪና ለከተማ ውስጥ መመላለሻ ሊታሰብ ይችላል፤ ዋናው ፍተሻ ግን የባትሪው ቀሪ አቅም በመሣሪያ ተነብቦ በወረቀት መሰጠቱ ነው፣ ዳገቱም ፋብሪካው ከሚናገረው ርቀት ላይ እንደሚቀንስ መታሰብ አለበት።

ወረቀቱ አይገጥምም

ሻጩ ራሱ ባለቤቱ ካልሆነና በውክልና የሚሸጥ ከሆነ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ወካዩ ከሞተ ውክልናው ይቋረጣል፣ ገዢውም ከወራሾች ጋር ይቀራል። ሊብሬው ላይ ያለው የሻንሲና የሞተር ቁጥር ብረቱ ላይ ካለው ጋር በገዢው ዓይን ይመሳከር፤ ቁጥሩ የተፋቀ ወይም የተበየደ መስሎ ከታየ ማብራሪያ አይሰማ። ከቀረጥ ነፃ የገባ መኪና ቀረጡ ሳይከፈል ስም አይዛወርለትም። ሻጩ ባለትዳር ከሆነ የትዳር ጓደኛው ፊርማ፣ ካልሆነ ያላገባ መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ ይጠየቅ። የባንክ ዕዳና የፍርድ ቤት እገዳ አለመኖሩ በትራንስፖርት ጽሕፈት ቤቱ ከፋይሉ ላይ ይረጋገጥ፤ ደላላው የሚያሳየው ፎቶ ኮፒ ለዚህ አይበቃም። ከዋጋው የተወሰነው ክፍል ስሙ እስኪዛወር ድረስ እንዲቆይ በውሉ ውስጥ ይጻፍ፤ ይህን የማይቀበል ሻጭ ካጋጠመ ሌላ መኪና ይፈለግ።