ኦቨርክሎክ የተደረገ ግራፊክስ ካርድ ሲያስቸግር፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱ፣ መፍትሄው

ኦቨርክሎክ ማለት ካርዱን ከፋብሪካ ፍጥነቱ (ክሎኩ) በላይ ማሠራት ነው። ጌም ዘግቶ መውጣት፣ ስክሪን ላይ ነጠብጣብ መታየትና ኮምፒውተሩ ድርግም ብሎ መጥፋት ሦስት የተለያዩ ችግሮች ናቸው። ሁሉንም «ኦቨርክሎኩ በዝቶበት ነው» ብሎ አንድ ላይ መጠቅለል ጊዜ ከማባከን ውጪ አይጠቅምም። የትኛውን ስላይደር (ሶፍትዌሩ ላይ የሚገፋውን መቆጣጠሪያ) መንካት እንዳለባችሁ የሚነግራችሁ ምልክቱ ነው። እዚህ ለምሳሌ የወሰድነው ኤንቪዲያ አርቲኤክስ 3060 ባለ 12 ጊጋባይቱን፣ ሶፍትዌሩ ደግሞ ኤምኤስአይ አፍተርበርነርን ነው (ነፃ ነው፣ የሌላ አምራች ካርድ ላይም ይሠራል)። ኤኤምዲ ካርድ ያላችሁ ቁጥሩ ይለያይባችኋል እንጂ አካሄዱ ያው ነው።

ምንም ከመነካቱ በፊት አፍተርበርነር ላይ የሪሴት ምልክቱን ተጭናችሁ ካርዱን ወደ ፋብሪካ ሴቲንጉ መልሱትና ያስቸገረውን ጌም ለ30 ደቂቃ ያህል ሞክሩት። ችግሩ አሁንም ካለ ጥፋቱ የኦቨርክሎክ አይደለም፤ ድራይቨር፣ ሙቀት፣ ፓወር ሰፕላይ ወይም ካርዱ ራሱ ነው። ያገለገለ ካርድ የምትገዙ ከሆነ ይህን ሙከራ ሻጩ ፊት አድርጉት።

ጌሙ በድንገት ይዘጋል፣ ወይም ስክሪኑ ጠቁሮ ይመለሳል

ይሄ አብዛኛውን ጊዜ የኮር ክሎክ (የካርዱ ዋና ቺፕ ፍጥነት) መብዛት ነው። ዊንዶውስ ካርዱ 2 ሰከንድ ሙሉ መልስ ካልሰጠው ድራይቨሩን አስነስቶ እንደገና ያስጀምረዋል፤ ስክሪኑ ጠቁሮ የሚመለሰው ያኔ ነው። ለማረጋገጥ ኢቨንት ቪውወር (የዊንዶውስ መዝገብ) ውስጥ ሲስተም የሚለውን ከፍታችሁ ችግሩ በተፈጠረበት ሰዓት 4101 የሚል ቁጥር ያለው መልእክት ካለ እዩ።

መፍትሄው ኮር ክሎኩን በ15 ሜጋኸርዝ መቀነስ ነው፤ አሁንም ከዘጋ ሌላ 15። የዚህ ትውልድ ካርድ ክሎኩን የሚቀይረው በ15 ሜጋኸርዝ ገደማ ደረጃ ስለሆነ 3 ወይም 5 ብትቀንሱ ለውጥ ላታዩ ትችላላችሁ። መዝጋቱን ካቆመ በኋላም ሌላ አንድ ደረጃ ዝቅ አድርጉት፤ ማታ በቀዝቃዛ ክፍል የቆመ (ሳይዘጋ የሠራ) ክሎክ ቀን በሙቀት ላይቆም ይችላል።

ጀማሪን በጣም ግራ የሚያጋባው ግን ሌላ ነው፦ ከባዱን ቤንችማርክ (የካርዱን አቅም የሚለካ ፈተና) ያለፈ ካርድ ቀለል ያለ ጌም ላይ፣ አንዳንዴም ሜኑ ላይ እያለ ይዘጋል። ኮር ክሎክ ላይ +120 ስትጨምሩ የምታነሱት አንድን ቁጥር ሳይሆን የቮልቴጅና የክሎክ መስመሩን በሙሉ ነው። ከባድ ሥራ ላይ ካርዱ የፓወር ገደቡ ስለሚይዘው ከመስመሩ ጫፍ በታች ነው የሚሠራው። ሥራው ሲቀልለትና ሲቀዘቅዝ ግን እስከ ጫፉ ይወጣል፤ የሚወድቀውም እዚያ ነው። ስለዚህ ፈርማርክ (ካርዱን የሚያስጨንቅ መፈተሻ ሶፍትዌር) ለአንድ ሰዓት ሳይዘጋ ስለቆየ ብቻ «ስቴብል ነው» አትበሉ። ፈርማርክ ካርዱን ከማጋል አልፎ ከፍተኛውን ክሎክ አይፈትንም። አንድ ከባድ ጌም፣ አንድ ቀላል ጌም፣ በመሀል ደግሞ ወደ ዴስክቶፕ ወጣ ገባ እያላችሁ ሞክሩት።

ስክሪን ላይ ነጠብጣብ፣ ብልጭታ ወይም የተቆራረጠ ምስል

ባለ ቀለም ነጥቦችና ትናንሽ አራት ማዕዘኖች ከታዩ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የሜሞሪ ክሎኩ (የካርዱ ሜሞሪ ፍጥነት) ነው። ወዲያውኑ 200 ሜጋኸርዝ ቀንሱ። የተዘረጉ ሦስት ማዕዘኖች ከሆኑ ኮሩም ሊሆን ስለሚችል አንዱን ሪሴት አድርጋችሁ ሌላውን ብቻ ፈትኑ። ሁለቱን አንድ ላይ የሚቀንስ ሰው ችግሩ ቢጠፋለትም የቱ እንደነበረ አያውቅም። ሁሉም በፋብሪካ ሴቲንግ ላይ ሆኖ ነጠብጣቡ ከቀጠለ ካርዱ ታሟል፤ ወደ ባለሙያ ውሰዱት።

ክሎኩ ጨመረ፣ ኤፍፒኤሱ (በሰከንድ የሚታየው የምስል ብዛት) ግን ቀነሰ

ይህ ካርድ የሚጠቀምበት ጂዲዲአር6 ሜሞሪ መረጃ ሲበላሽ አውቆ እንደገና የመላክ ችሎታ አለው። ስለዚህ ሜሞሪው ከአቅሙ በላይ ሲጫን ወዲያው አይዘጋም፣ ነጠብጣብም ላያሳይ ይችላል። የተበላሸውን እየደጋገመ ሲልክ ፍጥነቱን ይበላዋል እንጂ። ብዙ ሰው «+1000 ቆሞልኛል» የሚለው ይህን ሳያይ ነው።

የዚህ ካርድ ሜሞሪ አፍተርበርነር ላይ 7501 ሜጋኸርዝ ገደማ ይነበባል፤ በሴኮንድ 360 ጊጋባይት ማለት ነው። +500 ቢቆምላችሁ ወደ 384 ይጠጋል። ከ+200 ጀምራችሁ በ100 እየጨመራችሁ በየደረጃው ያንኑ ቤንችማርክ (ሱፐርፖዚሽን ወይም ታይም ስፓይ) ሁለት ሁለት ጊዜ አስኪዱና ውጤቱን ጻፉት። ውጤቱ መጨመር ካቆመበት 200 ወደኋላ ተመለሱና እዚያው ተዉት።

ስላይደሩን ብታስኬዱትም ክሎኩ አይንቀሳቀስም

ጂፒዩ-ዚ (የካርዱን ሁኔታ የሚያሳይ ሶፍትዌር) ክፈቱና ሴንሰርስ ገጽ ላይ «ፐርፍካፕ ሪዝን» የሚለው መስመር ላይ ማውሱን አሳርፉ፤ የያዘው ፓወር፣ ሙቀት ወይስ ቮልቴጅ እንደሆነ ይነግራችኋል። ፓወር ከሆነ የፓወር ሊሚት ስላይደሩን እስከሚሄድበት ግፉት። የ3060 መደበኛ ፍጆታ 170 ዋት ነው፤ ከዚያ በላይ ምን ያህል እንደሚፈቅድ አምራቹ ይወስናል፤ አንዳንዱ ካርድ ከ100 በመቶ አያልፍም።

የማያልፍ ከሆነ የሚያዋጣው አንደርቮልት (ካርዱ የሚጠቀመውን ቮልቴጅ መቀነስ) ነው። በእኛ እምነት ለጀማሪ ከኦቨርክሎክም ይበልጣል፤ ካርዱ ያንኑ ሥራ በአነስተኛ ሙቀትና ጫጫታ ይሠራላችኋል። ኮር ክሎኩን −200 አድርጋችሁ አፕላይ በሉ። ከዚያ ኮንትሮልና ኤፍ ስትጫኑ መስመሩ ይከፈታል። 900 ሚሊቮልት ላይ ያለችውን ነጥብ ይዛችሁ ወደ 1850 ሜጋኸርዝ ሳቡና እንደገና አፕላይ በሉ፤ ከነጥቧ በስተቀኝ ያለው ሁሉ ጠፍጣፋ መሆን አለበት። ከዘጋ 1835፣ ከዚያ 1820 ሞክሩ።

ሙቀቱ ይጨምራል፣ ፋኑ ይጮሃል

ካርዱ 83 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ክሎኩን ራሱ መቀነስ ይጀምራል። መጀመሪያ የኬዙን የጎን ክዳን አንስታችሁ ሞክሩት። ሙቀቱ ከ5 ዲግሪ በላይ ከወረደ ጥፋቱ የኬዙ አየር ዝውውር ነው። ካልወረደ ኤችደብሊው ኢንፎ (ሙቀት የሚያሳይ ሶፍትዌር) ላይ የጂፒዩ ሙቀትና የሆትስፖት (የቺፑ በጣም የሚሞቀው ቦታ) ልዩነትን እዩ። ከ10 እስከ 20 ዲግሪ የተለመደ ነው፤ ከ25 ካለፈ ቴርማል ፔስቱ (በቺፑና በሂትሲንኩ መሀል ያለው ቅባት) ደርቋል ወይም ሂትሲንኩ (ማቀዝቀዣው ብረት) በደንብ አልተጣበቀም። አቧራ ስታራግፉ ፋኑን በጣት ያዙት፤ በኃይለኛ አየር በፍጥነት ሲሽከረከር ሊበላሽ ይችላል።

አዲስ አበባ ላሉ፦ በዚህ ከፍታ አየሩ ከባህር ጠለል 20 በመቶ ገደማ ስስ ስለሆነ ያው ፋን በዚያው ፍጥነት የሚያነሳው ሙቀት ያነሰ ነው። በውጭ ሪቪው ላይ ካያችሁት ቁጥር ጥቂት ዲግሪ ከፍ ቢል አትደንግጡ፤ የፋኑን ከርቭ (በየሙቀቱ የሚዞርበትን ፍጥነት) ግን 70 ዲግሪ ላይ 65 በመቶ አካባቢ አድርጉት።

ኮምፒውተሩ ጭራሽ ይጠፋል

ይሄ የክሎክ ሳይሆን የኤሌክትሪክ ነገር ነው። ሞኒተሩም አብሮ ከጠፋ ዩፒኤሱን ወይም የቤቱን መብራት እዩ። 650 ቪኤ የተጻፈበት ዩፒኤስ አብዛኛውን ጊዜ ከ400 ዋት በታች ነው የሚሸከመው፤ ኮምፒውተሩም ሞኒተሩም በአንድ ላይ ሲጎትቱበት ሊጥላቸው ይችላል። ኮምፒውተሩ ብቻ ከጠፋ ፓወር ሰፕላዩን ጠርጥሩ። ለዚህ ካርድ ኤንቪዲያ የሚመክረው 550 ዋት ነው፤ ያውም ስሙ ከማይታወቅ ሳጥን ላይ የተጻፈ 550 አይደለም።

ኬብሉንም ተመልከቱ። ባለ 8 ፒኑ መሰኪያ 150 ዋት፣ ባለ 6 ፒኑ 75 ዋት እንዲሸከም የተሠራ ነው። የሃርድ ዲስክ ሳታ መሰኪያ ግን በ12 ቮልት መስመሩ 54 ዋት ብቻ ነው። ከሳታ ወደ 6 ፒን የሚቀይረውን አዳፕተር አትጠቀሙ፤ ፕላስቲኩ የሚቀልጠው እዚያ ላይ ነው።

ዊንዶውስ ሲገባ ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ይቀራል

ካርዱ አልተቃጠለም። የአፍተርበርነር ሴቲንግ ካርዱ ውስጥ አይቀመጥም፤ ኮምፒውተሩ ሲነሳ ሶፍትዌሩ ነው መልሶ የሚጭነው። ሲነሳ አፕላይ እንዲያደርግ የሚያዘውን ቁልፍ ያልተፈተነ ክሎክ ላይ ስለከፈታችሁት ነው። ዊንዶውስ ሲነሳ ሦስት ጊዜ በተከታታይ በፓወር ቁልፉ ካቋረጣችሁት የጥገናው ገጽ ይመጣል፤ ከዚያ በሴፍ ሞድ ግቡ። አፍተርበርነር የተጫነበት ፎልደር ውስጥ ፕሮፋይልስ የሚለውን ክፈቱና በውስጡ ያሉትን ፋይሎች አጥፉ፣ ኮምፒውተሩንም እንደገና አስነሱ። ያን ቁልፍ ደግሞ ቢያንስ ለአንድ ሳምንት ያህል የምትጫወቱት ሁሉ ሳይዘጋ እስካልቆየ ድረስ አትክፈቱት።