«ሃያ ደቂቃ ጠብቄ ወጣሁ»፦ የኦንላይን ግጥሚያ ሰዓት ሲዛባ

የኦንላይን ቼዝ ሊግ ሳስተባብር በብዛት ያጨቃጨቀን ሰዓት ነው። አንዱ «ሃያ ደቂቃ ጠብቄ ወጣሁ፣ ፎርፌ ይሰጠኝ» ይላል። ሌላው «ኧረ በሰዓቴ ነው የገባሁት» ብሎ ስክሪንሾት ይልካል። የሚገርመው፣ ብዙ ጊዜ ሁለቱም እውነታቸውን ነው።

ለወራት ልክ የነበረው ሰዓት ማርች ላይ በአንድ ሰዓት ተዛባ

ከላይ ያለው ጭቅጭቅ እንዲህ ነው የመጣው። ግጥሚያው በለንደን 20:00 ነበር። ሰንጠረዡ ላይ «ኒው ዮርክ ያላችሁ 5 ሰዓት ቀንሱ» ብለን ጽፈናል። የኒው ዮርኩ ልጅ ቀነሰና 15:00 ላይ ገባ። ለንደን ግን ገና 19:00 ነው። ጠበቀ፣ ሰለቸው፣ ወጣ። የለንደኑ በሰዓቱ ሲገባ ማንም የለም።

ጥፋቱ የእኛ ነው፤ «5» ቋሚ ቁጥር መስሎን ነበር። አሜሪካ ለዴይላይት ሴቪንግ (የቀን ብርሃንን ለመጠቀም በሞቃት ወራት ሰዓትን ወደፊት መግፋት) ሰዓቷን አንድ ሰዓት ወደፊት የምትገፋው በማርች ሁለተኛ እሑድ ነው። አውሮፓ የማርችን የመጨረሻ እሑድ ትጠብቃለች። በ2026 ብናየው ማርች 8 እና ማርች 29 ማለት ነው። በመሃል ባሉት ሦስት ሳምንታት ልዩነቱ 4 ሰዓት ብቻ ይሆናል። ሲመልሱም አይገናኙም፦ አውሮፓ ኦክቶበር 25፣ አሜሪካ ኖቬምበር 1።

ሲድኒ ያለ ተጫዋች ከገባበት ደግሞ ነገሩ ይብሳል። እዚያ ሰዓቱ የሚገፋው ኦክቶበር ላይ፣ የሚመለሰው ኤፕሪል ላይ ነው፤ ክረምትና በጋቸው ተገላቢጦሽ ነዋ። ስለዚህ ከለንደን ጋር ያለው ልዩነት እንደ ወቅቱ 11፣ 10 ወይም 9 ሰዓት ይሆናል።

መፍትሄው፦ «ይህን ያህል ቀንሱ» የሚለውን ነገር ከሰንጠረዡ አጥፉት። አንድ ከተማ ምረጡና ቀኑን ጨምራችሁ ጻፉ፦ «እሑድ፣ ማርች 15፣ 2026፣ 20:00 በለንደን (20:00 ዩቲሲ)»። ዩቲሲ የዓለም የጋራ መነሻ ሰዓት ነው፤ ዓመቱን ሙሉ አይነቃነቅም። ተጫዋቹ ወደ ራሱ ሰዓት ሲቀይር የግጥሚያውን ቀን አስገብቶ ይቀይር። ፌብሩዋሪ ላይ ሆኖ «አሁን እዚያ ስንት ሰዓት ነው?» ብሎ የሚያሰላ ሰው ማርች ላይ መሳሳቱ አይቀርም።

ምህጻረ ቃል ተጽፎ ሁሉም በየራሱ ተረዳው

«ሲኤስቲ» ለአሜሪካኑ የቺካጎ አካባቢ ሰዓት ነው፣ ለቻይናዊው የቤጂንግ። በመካከላቸው 14 ሰዓት አለ። «አይኤስቲ» የህንድም የእስራኤልም የአየርላንድም ነው። «ኢኤስቲ» ደግሞ በትክክለኛ ትርጉሙ ሰዓቷ ወደፊት ባልተገፋበት ወቅት ያለው የኒው ዮርክ ሰዓት ብቻ ነው፤ ግን ሰው ጁላይ ላይም ይጽፈዋል። የከተማ ስም ጻፉና ተገላገሉ። ከተማውም የተጫዋቹ ራሱ ይሁን፣ የጎረቤት አይሁን። ብሪዝበን ከሲድኒ ጋር አንድ አገር ናት፣ ሰዓቷን ግን አትቀይርም። የአሜሪካዋ ፊኒክስም እንደዚያው።

ሰዓቱ ልክ ነው፣ ቀኑ ተሳሳተ

ጁላይ ላይ በሎስ አንጀለስ ዓርብ 18:00 ሲሆን በኒውዚላንድ ኦክላንድ ቅዳሜ 13:00 ነው። ቀኑን በሁለቱም በኩል ጻፉ። «ቅዳሜ 00:00» የሚባል የመዝጊያ ሰዓትም አትስጡ። ግማሹ ሰው የቅዳሜ መጀመሪያ ይለዋል፣ ግማሹ የቅዳሜ መጨረሻ። 23:59 በሉት።

በአማርኛ የምንጻጻፍ ከሆነ ሌላም ጣጣ አለ። «ማታ 2 ሰዓት» 20:00 ነው። እሱን ለውጭ ተጋጣሚ «ቱ ፒኤም» ብሎ የላከ ካፒቴን አውቃለሁ። የስድስት ሰዓት ስህተት! በ24 ሰዓት አጻጻፍ መጻፍ ይሻላል።

አንድ ተጫዋች ብቻ ሁልጊዜ ይሳሳታል

ስልኩን እዩለት። ሰዓቱ ሲዛባበት የሰዓት ሰቁን (ታይም ዞኑን) ትቶ ቁጥሩን በእጁ አስተካክሎት ሊሆን ይችላል። ስክሪኑ ላይ ያለው ሰዓት ልክ ነው፤ ስልኩ ግን ሌላ አገር ያለ ይመስለዋል። የካላንደር ግብዣ ሲመጣለት በዚያ አገር ሰዓት ይቀይርለታል። ቀኑንና የሰዓት ሰቁን ወደ አውቶማቲክ ይመልስ፣ አፕዴትም ያድርግ። መንግሥታት ሕጉን ይለውጣሉ፤ ሜክሲኮ በ2022 አብዛኛው ግዛቷ ላይ ዴይላይት ሴቪንግን አስቀርታለች፣ ግብፅ በ2023 መልሳ ጀምራለች። ያረጀ ስልክ ይህን አያውቅም።

በየሳምንቱ የሚደገመው ግጥሚያ ለሁሉም ተንሸራተተ

ይህ የአዘጋጁ ጣጣ ነው። «ሁሉንም በዩቲሲ መዝግብ» የሚለው ምክር ለአንድ ጊዜ ግጥሚያ ጥሩ ነው። ለሊግ ግን ይጎዳል። በየእሑዱ 20:00 ዩቲሲ ብላችሁ ከመዘገባችሁ፣ ለንደን ሰዓቷን ስትገፋ ተጫዋቾቹ 21:00 ላይ ይቀመጣሉ። ተደጋጋሚ ግጥሚያን «20:00፣ ለንደን» ብላችሁ መዝግቡና ዩቲሲውን ሲስተሙ ለየሳምንቱ ያስላ። ለንደን የማይኖሩት ይንሸራተትባቸዋል፣ እሱን ማስቀረት አይቻልም። ሳምንት ቀድማችሁ ንገሯቸው።

ሰዓት በሚቀየርበት ሌሊት ግን ጨርሶ ግጥሚያ አትያዙ። ማርች 8 ቀን 2026 ኒው ዮርክ ውስጥ 2:30 የሚባል የሌሊት ሰዓት የለም፤ ከ1:59 ቀጥሎ 3:00 ነው። ኖቬምበር 1 ላይ ደግሞ ሌሊት 1:30 ሁለት ጊዜ ይመጣል። ተጫዋቹ በየትኛው እንደሚገባ ለመከራከር ጉልበት ያለው ይሞክረው።